ኪስ ውስጥ የቀሩ እጆች

ነስሪን ስምንት ገጾች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ "እትዬ ሀረገወይን፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አለችኝ። እኔም ዋሸኋት።

"ጥሩ ነው" አልኳት።

"ዓምናም እንደዚህ ነው ያሉኝ።"

እውነቷን ነው። ዓምና እኔም፣ እናቷም፣ በብሎካችን ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ብለናት ነበር። ያኔ የሳለችውን ኮሚክ፣ በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ለወጣት ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ስታስገባ ግን በሳምንቱ ተመለሰባት። ምክንያት አልተጻፈበትም፤ "በርቺ" ብቻ ይላል። ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ዐውደ ርእዩ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ማስረከቢያው ሰኞ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ሐሙስ ነበር።

የዘንድሮው አዲስ ነው፤ ከእኔ በቀር ከብሎካችን ማንም ገና አላየውም። ታሪኩ ሁለት የሚዋደዱ ጎረቤታሞችን ይመለከታል። አንደኛው የደረጃው አምፖል እንዳይሰረቅ ብሎ በየምሽቱ ነቅሎ ቤቱ ያስቀምጠዋል፤ ለጓደኛው መናገር ግን ይረሳል፤ ጓደኛው ተሰረቅን ሲል ደግሞ እኔ ነኝ ማለት ያፍራል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሌባውን ሲፈልጉ ይከርማሉ። ስትነግረኝ ስቄ ነበር። ሥዕሉን ሳየው ግን አልሳቅኩም።

"የሆነ ችግር እንዳለው አውቃለሁ" አለች። "የቱ ጋ እንደሆነ ነው የጠፋኝ። ሰው ሥዕሌን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ እሱም ለኔ ብሎ ነው።"

እኔ የሕግ ሰነድ አርታኢ ነኝ። የሰው አንቀጽ ላይ ቀይ መስመር ሳሰምር አልሳሳም። ግን የአንቀጹ ባለቤት ዘንቢሌን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞልኝ አያውቅም። ነስሪን ትሸከምልኛለች።

"ቅዳሜ የብሎክ ኮሚቴ ስብሰባ አለን" አልኳት። "ነይና ቃለ ጉባኤ ያዢልኝ።"

"እርስዎስ?"

"እኔ መነጽሬን ቤት እረሳለሁ።"

ኮሚቴው አራት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ገረሱ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ኢብራሂም ጌጃ ሰፈር ልብስ ይሰፋል። እንዳለች የምትባለው ጎረቤታችን ምድር ቤት ሱቅ አላት። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ቦታው የባለቤቴ ነበር፤ እሱ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ የውሃ ታንከሩንና የደረጃ ጽዳቱን ጨርሰን ልዩ ልዩ የሚባለው አጀንዳ ላይ ስንደርስ ገጾቹን አወጣሁ።

"አብነት ሰፈር ያለ አንድ ዘመዴ የሳለው ነው፤ አስተያየት ይፈልጋል" አልኩ። "አታውቁትም።"

አታውቁትም የሚለው ቃል የሰውን አፍ እንዴት እንደሚከፍት ያየሁት ያን ቀን ነው።

"ይሄ ሰውዬ አንገት የለውም" አለች እንዳለች ገና አንደኛውን ገጽ ሳትጨርስ። "ትከሻው ላይ ዱባ ነው ያስቀመጡለት።"

ነስሪን ጎንበስ ብላ ጻፈች።

"ወሬውም በዛ" አለ ኢብራሂም። "እዚህ ጋ ሰውዬው በር በትከሻው ገፍቶ ይከፍታል። አፉ አጠገብ ደግሞ 'በሩን ልክፈተው' የሚል ተጽፏል። እያየሁት አይደል እንዴ?"

አቶ ገረሱ እጅ ሳያወጣ ማንም እንዳይናገር አሳሰቡ፤ ከዚያም እጅ ሳያወጡ ቀጠሉ። "እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በምንድን ነው የተጣሉት?"

"አልተጣሉም እኮ" አለች ነስሪን።

"ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም። ተመልከቱ፣ በጠዋት ደረጃ ላይ ይገናኛሉ። አይጨባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ አይነካኩ። ሁለቱም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው 'እንደምን አደርክ' ይባባላሉ። እኔ እንደዚህ ሰላም የምለው ፍርድ ቤት ያቆመኝን ሰው ነው።"

"ልክ ነዎት" አለ ኢብራሂም። "እኔም ያኛው አምፖሉን የሚነቅለው ለተንኮል መስሎኛል። ይሄኛው በጨለማ ተንከባሎ እግሩ እንዲሰበር።"

"እኔማ መጨረሻው ገጽ ላይ ይገድለዋል ብዬ ስጠብቅ አብረው ሻይ ጠጡ" አለች እንዳለች። "ሻዩ ውስጥ ምን ጨመረበት ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ ፈለግኩ።"

"ሽማግሌ ያስፈልጋቸዋል" አሉ አቶ ገረሱ የምር አዝነው።

ገጾቹን ሳብ አድርጌ አየኋቸው። ከአንድ እስከ ስምንት አንድም እጅ የለም። የዘበኛው እጅ ካፖርቱ ውስጥ ነው፤ የሻጯ ከባንኮኒው ሥር ነው። አምፖሉ እንኳ ሲነቀል የሚታየው ከሰውዬው ጀርባ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥዕሎቿን ሳይ አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር፤ ይህ መሆኑን ግን አላየሁም።

"ልጁ ሰነፍ ነው" አለች እንዳለች። "የኛ ነስሪን ብትስለው እንዲህ አታበላሸውም።"

"ምን ያገናኛቸዋል" አለ ኢብራሂም። "ነስሪን፣ መቼም ሥዕል አንቺ ታውቂያለሽ። ለምንድን ነው ሰው ሁሉ እጁን የደበቀው?"

ነስሪን ብዕሯን አስቀመጠች። "እጅ መሳል ከባድ ስለሆነ ነው" አለች። "ጣቶቹ ካሮት ይመስሉብኛል።"

 ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከቦርሳዬ መነጽሬን አውጥቼ መጥረግ ጀመርኩ።

"ለነገሩ" አለች እንዳለች ቀስ ብላ፣ "አንገት የሌለው ሰው ሞልቷል። አጎቴም የለውም።"

"ኪሱ ደግሞ ያምራል" አለ ኢብራሂም። "እንደ ልብስ ሰፊ ነው የምናገረው፤ እንዲህ ያለ ኪስ ቀላል አይደለም።"

አቶ ገረሱ በልዩ ልዩ ሥር የተባለው ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለት እጅ ወዲያው ወጣ።

"አይሰረዝም" አለች ነስሪን መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ። "ሁለት ዓመት ስለምናችሁ ያልነገራችሁኝን ለማታውቁት ልጅ በሩብ ሰዓት ነገራችሁት።"

"እንዳይከፋሽ ብለን ነው እኮ የኔ ልጅ" አለች እንዳለች።

"ሲመለስብኝስ አልከፋኝም?"

 ነስሪን ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎም ዋሽተውኛል። ግን ቢያንስ ተንኮል አስበውልኛል።" ከዚያ ንጹሕ ወረቀት አወጣች። "አቶ ገረሱ፣ ጋሽ ኢብራሂም፣ ይነሡና ሰላም ይባባሉልኝ።"

"ስብሰባ ላይ ነን" አሉ አቶ ገረሱ።

"ይዝጉታ።"

ዘጉት። ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋጠሙ፤ ነስሪን "እንደዚሁ ቆዩ" ስትል እዚያው ቀሩ።

"እስከ መቼ ነው?" አሉ አቶ ገረሱ በኢብራሂም ጆሮ በኩል።

"ጣት እስከምጨርስ።"

"ስንት ጣት?"

"እርስዎ ስንት አለዎት?"

"ኢብራሂም፣ እጅህ አላበው።"

"የኔ አይደለም፤ የእርስዎ ነው።"

"ፈገግ በሉ እንጂ" አለች እንዳለች። "አሁንም የተካሰሳችሁ ነው የምትመስሉት።"

ነስሪን ያን ሌሊትም እሑድ ሙሉ ቀንም ከቤቷ አልወጣችም። ወደ ማታ እንደ አዲስ የሳለቻቸውን ስምንት ገጾች ይዛ ስትወርድ ደረጃ ላይ አገኘኋትና ተከተልኳት። በእንዳለች ሱቅ መስኮት ላይ ደረደረቻቸው።

እንዳለች አንደኛውን ገጽ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።  ከንፈሯ ለ"ጥሩ ነው" ሲዘጋጅ አየሁት፤ ነስሪንም አየችው። ከዚያ እንዳለች ትንፋሽ ሳበች።

"አውራ ጣቱ በውጭ በኩል ነው የበቀለው" አለች። "ኢብራሂም እንደዚህ ቢሆን መቀስ አይዝም ነበር።"

ነስሪን ፊቷ ተለዋወጠ። የሆነ ነገር ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የራሷን እጅ አገላብጣ አየች፤ ገጹን አየች። ላጲስ አወጣች።

"እጅዎን ያምጡ" አለቻት።

እንዳለች እጇን በመስኮቱ አወጣች። ነስሪን በግራዋ የእንዳለችን አውራ ጣት ይዛ በቀኟ ማጥፋት ጀመረች። ዳቦ ሊገዛ የመጣ የማናውቀው ሰው ከኋላችን ቆመ።

"አራት ዳቦ" አለ።

"ቆይ" አለችው እንዳለች። "እጄ ተይዟል።"

ሰውዬው ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ ሥራ ስላልነበረው የተደረደሩትን ገጾች ማየት ጀመረ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ ጠጋ አለ። አምፖሉን ነቅሎ ብብቱ ሥር የደበቀው ሰው፣ በሌላው እጁ የጓደኛውን ትከሻ አቅፎ "ይሄን ሌባ ሳንይዝ አንተኛም" የሚልበት ገጽ ነው። ሰውዬው ድንገት ጮክ ብሎ ሳቀ፤ አፉን በእጁ ይዞ ዙሪያውን ተመለከተና ወደ አራተኛው ገጽ አለፈ።

እኔ ነስሪንን አየኋት። ቀና አላለችም። አውራ ጣት ላይ ነበረች።