አጃቢዋ

መሰረት ሕዝቡ ከባጃጅ ጎትቶ ያወረደውን ወጣት ከመሃላቸው አውጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አስገባችው፤ ማረፊያ ክፍል ውስጥ አድርጋም ቆለፈችበት። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ፊቱን አልብሶታል። ዲላ ገበያ የተሰረቀ ቡና ሲሸጥ ታይቶ በባጃጅ ሊያመልጥ ሲል ነበር የተያዘው።

መሰረት ገና ሠልጣኝ ናት፤ እዚህ ጣቢያ የመጣችው ለተግባር ልምምድ ነው። የወጣቱን ስም ስትሰማ ወዲያው አወቀችው። ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማው ሰሞን በትውልድ ቀበሌዋ በኢዲዶ ከማድረቂያ አልጋ ቡና ዘርፈዋል ከተባሉት አንዱ እሱ ነበር። ቡናውን ይጠብቅ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ደግነት በድንጋይ ተመትቶ አንድ ዓይኑን ያጣው ያኔ ነው። እሷንም ፖሊስነት ያስመኛት ይኸው ነው።

ወሬው ደግነትን ለማሳከም ዲላ ወደሰነበቱት አባቷ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አቶ እንግዳ ዱላቸውን እንደያዙ ግቢው ውስጥ ገቡ።

"እሱ ነው?"

"ተጠርጣሪ ነው፣ አባ።"

"ተጠርጣሪ! የልጄ ዓይን ፈስሶ ተጠርጣሪ ይባላል?" ዱላቸውን ወደ ክፍሉ ቀሰሩ። "ቁልፉ በእጅሽ ነው። ላፍታ ብቻ ክፈቺልኝ። ጌታ ይቅር ይለኛል።"

"አልችልም።"

"ታዲያ ይህን ልብስ የለበስሽው ለማን ነው? ጸልየን የሸኘንሽ ለማን ነው?"

ልቧ ከሳቸው ጋር ነበር። ያ ዱላ እዚያ ግንባር ላይ ሲያርፍ ታያት፤ ደስም አላት። ደስ መሰኘቷ ግን አስደነገጣት።

ሳጅን አለባቸው ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። "ምንሽ ናቸው?"

"አባቴ ናቸው። በኢዲዶው ዝርፊያ ዓይኑን ያጣው ልጅ እህት ነኝ፣ ሳጅን።"

ሳጅኑ ወደ ማረፊያ ክፍሉ አየ። "እንግዲያው ምርመራው ውስጥ የለሽበትም። የተጠርጣሪው ቁስል ግን መሰፋት አለበት፣ እስከ ጤና ጣቢያ አብሮኝ የሚያጅበው ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ አልፈርድብሽም።"

መሰረት አባቷን አየች። የግቢው መውጫ ላይ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"እችላለሁ" አለች።

ክፍሉን ከፈተች። ወጣቱ ወጣና አቶ እንግዳን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሳጅኑ "አባቴ፣ እባክዎ መንገድ ይልቀቁ" እያለ ከፊት ቀደመ። ሽማግሌው አልተነቃነቁም።

መሰረት የወጣቱን ክንድ ያዘች። ወደ አጥሩ በኩል አዞረችውና እሷ በአባቷና በእሱ መሃል ሆና መራመድ ጀመረች።