ባለ ኩሎቹ

ምራትየዋ ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትታ አፉን ፈትታ እንደጨረሰች፣ ከበስተኋላዋ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማች።

"የጠፋብሽ ነገር አለ?" አሉ አማቷ።

ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ የሚያሸልቡ ሴት ናቸው፤ ዛሬን ምን እንደቀሰቀሳቸው እንጃ። ምራትየዋ በአንድ እጇ የእሳቸውን ከረጢት፣ በሌላው ከገበሬዎች ማኅበር ያመጣችውን ከረጢት እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እጅ ከፍንጅ ተይዛለች።

"እማማ፣ የተኙ መስሎኝ..."

"ያንን ለማን እንዳስቀመጥኩት ታውቂያለሽ?"

እንዴት አታውቅም። የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ ትዳር ይዛም ቤተሰቡ "ሚጣ" ማለቱን ያልተወላት፣ የመጀመሪያ ማሳዋን አኩሪ አተር ልትዘራ ነው። ነገ ጠዋት ዘሩን ልትወስድ ትመጣለች። እናትየው ለእሷ ብለው ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ፍሬውን አንድ በአንድ ሲለቅሙ ነው የከረሙት። ከተራው ቢጫ ፍሬ መካከል አንዳንዱ ከዐይኑ የተነሣ ጥቁር ቀለም ዙሪያውን ፈሶበታል፤ ተኳኩላ እንዳለቀሰች ሴት። እሳቸው "ባለ ኩሎቹ" ይሏቸዋል። ያጌጠው ይበልጣል ብለው ስንት ዓመት እነዚህኑ መርጠው ዘርተዋል፤ ለወደዱት ሰውም የሚሰጡት ከእነዚሁ ነው።

"ለእሷ ስለሰጠሁ ቅር አለሽ?" አሉ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት። "ለአንቺም እኮ እዚህ ቤት የገባሽ ጊዜ ከዚሁ ነው ያፈስኩልሽ።"

ምራትየዋን ይህ ከስድብ በላይ አመማት። ለባሏ "እናትህ ናቸው፣ አንተ ንገራቸው" ብትለው "በየትኛው አፌ?" ብሎ ሹልክ ብሏል። በድብቅ ልቀይረው ያለችውም የአሮጊቷን ልብ ላለመስበር ነበር። አሁን ግን ሌባ ከመምሰል እውነቱን መናገር ይሻላታል።

"እማማ፣ እስቲ ይቀመጡ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ቅጠሉ ሲጨማደድና ሲዥጎረጎር አይተው የለ? ምርቱም ዓመት በዓመት ሲያንስ?"

"መሬቱ አርጅቷል።"

"መሬቱ አይደለም፣ ቫይረስ ነው። የግብርና ባለሙያዋ ማሳችን ድረስ መጥታ አየችው። በሽታው ከእናት ተክሉ ወደ ፍሬው ይገባል። ያ ኩሉ... ብዙ ጊዜ የእሱ ምልክት ነው።"

አሮጊቷ ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉ።

"ይቺ ታማለች ነው የምትዪኝ?"

"ላትታመምም ትችላለች። ኩል የሌለውም ታሞ ሊሆን ይችላል። ከእኛ ማሳ የወጣው ሁሉ አያስተማምንም፤ ለዚህ ነው ንጹሕ ዘር ያመጣሁት። ጥቂቱ ታሞ ከበቀለ እኮ በቂ ነው። ክሽክሽ የሚሉት ትንሽ ነፍሳት ይመጥጠውና በርሮ ሄዶ ጤነኛውን ሲቀምስ በሽታውን እዚያ ይተዋል።"

"መድኃኒት ብንረጭበትስ?"

"መድኃኒቱ እስኪገድለው እሱ ቀምሶ ጨርሷል።"

አሮጊቷ ፍሬዋን በጣታቸው ሲያሿት ቆዩ።

"ስለዚህ በሽታውን እየመረጥኩ ነው ስዘራ የኖርኩት።"

"ማን ነገረዎትና ያውቃሉ?" እጃቸውን ያዘችላቸው። "እኔም እኮ ባለ ኩሎቹን እወዳቸዋለሁ። ያኔ ሲሰጡኝ፣ እዚህ ቤት ወደዱኝ ማለት ነው ብዬ ነበር።"

"ወድጄሽ ነዋ።"

"አውቃለሁ።"

አሮጊቷ ፍሬዋን ወደ ከረጢቱ መለሷት።

"ልጄ ነው አንቺን የላከሽ?"

"አልላከኝም፣ ሸሸ እንጂ።"

"አባቱን ወጥቶ ነው" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። "ሲበላ ሰው ይጎዳል?"

"ለሰውስ ምንም አይለውም።"

ከረጢቱን ተቀብለዋት ወደ ጓዳ ገቡ። ለወራት የለቀሙትን ሁሉ ትልቁ ድስት ውስጥ ገለበጡትና ውኃ ሞሉበት። "ማታ ቀቅለን እንበላዋለን። ያ ፈሪም ይብላ።" ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። መስኮቱ ጋ ቆመው ቁልቁል የሰውን ማሳ ያዩ ጀመር።

"ለታችኛዋ ጎረቤት ሰጥቻለሁ። ለልብስ ሰፊውም ሰጥቻለሁ። ያ ነፍሳት አጥር አይገታውም አይደል?"

"አይገታውም።"

"እንግዲያው ሚጣን ብቻ ማዳን ምን ይረባል?"

"ነገ እኔ ዞሬ እነግራቸዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ። ከየት እንደመጣም አላነሣም።"

አሮጊቷ ሰው ቤት ሲሄዱ ብቻ የሚያደርጉትን ጫማ ከቁም ሣጥኑ ሥር አወጡ።

"የቫይረሱን ነገር አንቺ ታስረጃቸዋለሽ፤ እኔ አልችልበትም። የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ። እሱን ከእኔ አፍ ይስሙት።" ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው እምቢ አላቸው። "ነይ እስቲ እሰሪልኝ፤ ሳይመሽብን እንድረስ።"

ምራትየዋ ተንበርክካ የጫማቸውን ክር አሰረችላቸው።