ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ነርሷ ከቤቷ ክሊኒኩ ድረስ የሚያመላልሳት ቀለል ያለ ብስክሌት አማራት። ከቁራጭ ብረት ሻጩ ግቢ አንድ አሮጌ ቴላዮ አገኘች፤ ጎማ የለው፣ ሰንሰለት የለው፣ ባዶ አፅሙ ብቻ። በያጁ አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ አብሯት ሊገጣጥመው ተስማማ።

«አንድ ማርሽ፣ ሁለት ፍሬን፣ ከኋላ ቅርጫት፣ በቃ» አላት። «ብስክሌት እንደ አማች ነው፤ ዝምተኛው ይሻላል።»

እናቷ ገበያ ወጥታ ሳለ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ጥቁሩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቁ ጀመር። ጥቁሩ ሲላላጥ ከሥሩ ቀይ ብቅ አለ። ሲቀልድ የነበረው አጎቷ ድንገት መፋቁን አቆመ። ጣቱ ከኮርቻው ቦታ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጠባሳ በተጣመመ የነሐስ ብየዳ ላይ ቆሟል።

«ምነው አጎቴ?»

«ይሄን የበየድኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። «የወንድምሽ ነው።»

ነርሷ ክው አለች። ታላቅ ወንድሟን፣ እሷ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ የገደለው በቀይ ብስክሌት ላይ እንዳለ ነው። ያኔ እናቷ «ቆራርጠህ ጣልልኝ» ብላ ለአጎቷ ሰጥታው ነበር።

ብረቱን የሚደብቁበት ፋታ አላገኙም፤ የግቢው በር ተከፈተ። እናትየዋ ቀዩን ቀለም ስታይ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ፤ ሽንኩርቱ ግቢውን ሞላው። ቀስ ብላ ተጠግታ ብየዳውን ዳበሰችው።

«ቆራረጥኩት ብለኸኝ አልነበር?»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ለሆነ መንገደኛ ሰጠሁት።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ዓይኔን እያየህ?»

አጎትየው ሽንኩርቱን ሊለቅም ጎነበሰ። እናትየዋም ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ አጎትየው በደጃቸው አላለፈም። ነርሷም ቴላዮውን ወደ ሻጩ ልመልሰው ትልና፣ አንስታ መልሳ ግድግዳው ሥር ታስደግፈዋለች።

እሑድ ጠዋት ግን እናትየዋ ራሷ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። «መሣሪያህን ይዘህ ና።» ሲመጣ፣ «ልጄን የገደለው ሹፌሩ ነው፤ ብረት ምን አደረገ?» አለችው። «ቀይ ግን አትቀቡት።»

ነርሷና አጎቷ ግራጫ ቀቡት። ቀለሙ ሲደርቅ አጎትየው ጎማውን ሲያስገባ ቴላዮውን ደግፋ የያዘችለት እናትየዋ ነበረች። ፍሬኑንም ደጋግማ ጨበጠችው፤ አላመነችም፣ እንደገና ጨበጠችው። መሪው ላይም ደወል አሳሰረች።

ነርሷ ኮርቻው ላይ ወጥታ ፔዳሉን ረገጠች። እናትየዋ አፏን በመዳፏ ከድና፣ ልጇ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ድረስ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም። አጎትየው አንድ ነገር ሊል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝም በል» አለችው። «ደወሉን እየደወልሽ ሂጂ ብያታለሁ፤ ልስማበት።»