ድምፃዊው እስኪገባ

«ግጥም የሌለው ዜማ ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?»

ጋሽ ወልደየሱስ ይህን የጠየቁት ከነህምያ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ገና በደንብ ሳይደላደሉ ነው። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መልስ ይጠብቃሉ። ነህምያ በእጁ የያዘውን ስኒ ተመለከተ። የሚጠይቁት ስለ ሟቹ ወንድሙ ስለ አሞጽ ጊታር እንደሆነ ገብቶታል። መልሱን ግን አያውቅም።

«ለምን እኔን ይጠይቁኛል፣ ጋሼ?»

«ጠዋት ተሰብስበን ነበር። ዘፈን ከሆነ መዘምራኑ እዚህ ለቅሶ ድንኳን ሊመጡ አይችሉም፤ ልጁ ያረፈው የቤተክርስቲያን ቅጣት ላይ እያለ ነው። መዝሙር ከሆነ ግን ቅጣቱ የሮክ ባንዱን የተወ ጊዜ አብቅቷል ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ይመጣሉ። ግማሾቻችን እንዲህ አልን፣ ግማሾቻችን እንዲያ። በመጨረሻ ነህምያ ይጠየቅ ተባለ። ከመሃላችን ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ነገረ መለኮት የተማረ አንተ ብቻ ነህ።»

ነህምያ ከኖርዌይ ዲግሪውን ይዞ ተመልሷል። ሲሄድ ይዞት የነበረውን እምነት ይዞ መመለሱን ግን እርግጠኛ አይደለም። ይህን ለማንም አልተናገረም። ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ የተነገረ ወሬ ሞርሲቶ ከተማ የሚደርሰው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ነው።

«ትንሽ ላስብበት» አለ።

«አስብበት። ድንኳኑ ግን ነገ ይነሳል።»

በሴቶቹ በኩል እናቱ ገነቴ ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ጀምሮ ያነሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሁንም ለልጇ ለማራኪ በሀዲይኛ ትነግራታለች።

«ለዚያ ለሰካራሙ እንኳ ዘምረውለታል። ለእኔ ልጅ ጊዜ ጉሮሯቸው ተዘጋ?»

«እሱ እኮ በመጨረሻው ቀን ንስሐ ገብቷል፣ እማ።»

«ለአሞጽስ የመጨረሻው ቀን መሆኑን ማን ነገረው?»

አሞጽ አንድ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ወድቆ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ነው የሞተው።

ኦርቶዶክሷ ጎረቤታቸው እትዬ ብርነሽ ሀዲይኛ አሳምረው ይሰማሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጋሽ ወልደየሱስ ዞሩ።

«እናንተ ሰዎች ደግሞ ታስቸግራላችሁ። የእኛ ከበሮ አንድ ቃል አያውቅም፤ ይኸው ዕድሜውን ሙሉ የሚያድረው ቤተክርስቲያን ነው።»

«ከበሮው ዘማሪ አለው፣ ብርነሽ።»

«ይሄም እናት አለው!»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቅ ሲያመልጣቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አሞጽ ጊታር የተማረው እዚያው ቤተክርስቲያን ነው። መዘምራንን ሲያጅብ አድጎ አዲስ አበባ ሄደና «አራተኛ ፎቅ» የሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ገባ። ባንዱ ስታዲየም ሞላ። የአሞጽ ፎቶ ቦኖሻ ገበያ ላይ ሳይቀር በካናቴራ ተሸጠ። ቤተክርስቲያኑ አንድ እሑድ ስሙን አንብቦ ከኅብረት በማገድ ቀጣው። ያኔ ማንም አልተከራከረም፤ የባንዱ ዘፈኖች ስለ ምን እንደሚያወሩ ለማወቅ ነገረ መለኮት አያስፈልግም ነበር።

አሞጽ ባንዱ በገነነበት ሰዓት ጥሎ ወጣ። ገንዘብ አጣልቷቸው ነው ተባለ፤ ሴት ናት ተባለ። ለነህምያ ግን በስልክ እንዲህ አለው፦ «ሕዝቡ ግጥሙን ነው አብሮን የሚጮኸው። እጄ ምን እንዳለ ማንም አልሰማም።» ከዚያ በኋላ ያወጣቸው አልበሞች ጊታር ብቻ ናቸው። አዘጋጆች እየደወሉ «ድምፃዊው ማነው?» ይሉት ነበር። «የለም» ሲላቸው «እሺ፣ ሲኖር ደውልልን» ይሉታል። የመጀመሪያውን ኮንሰርቱን ሊያዩ ከመጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ መሃል ላይ ተነስቶ «ኧረ ዝፈን እንጂ፣ ወንድሜ!» ብሎታል።

ወደ ሆሳዕና ተመልሶ ጊታር ማስተማር ከጀመረ በኋላ ለነህምያ የነገረው አንድ ታሪክ ነበር። ወደ ሞርሲቶ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኋላ ተቀምጧል። ሾፌሩ ከመናኸሪያ እንደወጡ ፍላሹን ሲሰካ የአሞጽ ዜማ መጣ። ሾፌሩ ለረዳቱ «ዝም በል፣ አሁን ይገባል» አለው። ዜማው አልቆ ሌላው ተተካ። «ይሄ ሰውዬ መግቢያ ያበዛል» አለ። በመጨረሻም መኪናውን እያቆመ «ድምፃዊው ሳይገባ ሞርሲቶ ደረስን!» ብሎ መሪውን መታ።

«ለምን አልነገርከውም?» ብሎት ነበር ነህምያ።

«ምን ብዬ? እየጠበቀ እኮ ነው የሰማኝ። እንደዚያ ጆሮውን ሰጥቶ የሰማኝ ሰው የለም።»

ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ እቤት ድረስ መጥተውለታል። ነህምያም ነበረ። ጋሽ ወልደየሱስ በደግነት ነበር የተናገሩት፦ «መዝሙር ነው በለንና ተመለስ። ከዚያ በላይ አንጠይቅህም።» አሞጽ ግን «ለማን እንደምጫወት እየፈለግሁ ነው፣ ጋሼ። ሳገኘው መጥቼ እነግርዎታለሁ» አላቸው። እናታቸው ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

አግኝቶት ይሆን? ነህምያ አላወቀም። አላውቅም ቢል መዘምራኑ አይመጡም። ዘፈን ነው ቢልም አይመጡም። አሞጽ እምቢ ያለውን ቃል እሱ ቢለው ግን ይመጣሉ፤ የሚታመነውም እሱ ራሱ በማያምነው ዲግሪ ነው። እናቱን አየ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ድንኳኑ መግቢያ ታያለች። ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች።

ወደ ጋሽ ወልደየሱስ ዞረ።

«መዝሙር ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እኔም እንደዚያ እንዲሆን ነበር የምፈልገው» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

መዘምራኑ ከሰዓት በኋላ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። መሪያቸው ሳምሪ የአሞጽ ተማሪ ነበረች። ነህምያን ወደ ጎን ጠራችው።

«ከእሱ ዜማዎች አንዱን ልንዘምር ነው።»

«በዚህ ፍጥነት አጠናችሁት?»

«ድሮም የሁላችንም ስልክ ላይ አለ። ለጋሽ ወልደየሱስ እንዳትነግርብን።» ትንሽ ፈገግ ብላ ነበር፤ ወዲያው አቀረቀረች። «ያው መዝሙር ነው ስለተባለ… ቃል አስገብተንበታል።»

መዘምራኑ ጀመሩ። ነህምያ ዜማውን ያውቀዋል፤ አሞጽ መሃሉ ላይ እጁን ከክሮቹ አንስቶ ድምፁ ራሱ እስኪሞት የሚጠብቅበት ቦታ አለ። ነህምያ ያን ቦታ ጠበቀ። ሲደርሱ መዘምራኑ በአንድ ድምፅ «ሃሌሉያ» አሉበት።

ገነቴ ከፍራሹ ተነሳች። ማራኪ ልትይዛት ብትሞክር እጇን አስለቀቀች። ቃሉን ባታውቀውም ዜማውን ታውቀዋለች፤ ከመኝታ ቤቷ ግድግዳ ጀርባ ስትሰማው ኖራለች። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አብራ ዘመረች። በሁለተኛው ዙር «ሃሌሉያ»ውን ከመዘምራኑ ቀድማ አለችው።

ወንበሮቹ መደራረብ ሲጀምሩ ነህምያ ወደ ቤት ገባና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ። ከወንድሙ ስም ሥር ጻፈ፦

«ቃል አስገቡበት። መዝሙር ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። እማ አብራ ዘመረች።»

ላከው። ከአሞጽ ክፍል፣ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ ማራኪ ቻርጅ ላይ የተወችው የወንድሟ ስልክ አንድ ጊዜ ጮኸ። ነህምያ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።