ድንጋይ የሌለበት ግቢ

ብርነሽ በአጥሩ ሥር ከከመረቻቸው ድንጋዮች ፊት ተንበርክካ አንዱን ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ ታስቀምጣለች፤ ሌላውን ታነሣለች። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አፈር የለበሱ፣ ሁሉም የላፍቶ ድንጋዮች ናቸው። ሦስቱ ግን የተለዩ ነበሩ። የትኞቹ እንደሆኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ ታውቅ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በሣር ማጨጃ መኪና ምክንያት ነው። የልጇ ክርስትና እሑድ ነው፤ የባሏ የከበበው የመሥሪያ ቤት አለቃም ከነባለቤታቸው ይገኛሉ። ላፍቶ ያን ጊዜ ማሳ ነበር፤ በጤፉ መሀል እዚህም እዚያም ቪላ ብቅ ማለት የጀመረበት ዘመን። ከበበው አለቃው ሊመጡ ነው ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ስለሆነ፣ ግቢውን የሚያስተካክል ባለሙያ ከመሀል ከተማ ቀጠረ። ምትኩ የሚባለው ይኸው አትክልተኛ በሳምንቱ መጀመሪያ መጥቶ ግቢውን ዞሮ አየና ትእዛዙን ሰጥቶ ሄደ። ውሻው ይታሰር፣ የልብስ ገመዱ ይውረድ፣ ጉድጓድ ሁሉ ተሞልቶ ይጠቅጠቅና ውሃ ይጠጣ፤ ከሁሉ በላይ ግን የማጨጃውን ስለት ይሰብራልና አንድም ድንጋይ እንዳይቀር። በጓሮ በኩል ደግሞ የጽጌረዳ መደብ እቆፍራለሁ አለ። ብርነሽም እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን ካላራገፈች የማይሆንላት ሴት ናትና፣ ግቢውን ለሚያዘጋጀው ሰው ግቢውን ማዘጋጀት ያዘች።

በጓሮው ሣር መሀል ሦስት ድንጋዮች ጎን ለጎን ተተክለው ነበር። የግቢው መሬት ቀድሞ የጎረቤታቸው የእትዬ አማከለች ነበር፤ ጎጆዋም እዚያው ነበር። አማከለች የመጀመሪያ ልጇን ከዚያ ጎጆ ኋላ ቀበረች። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ስለሞተች ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገባችም። ሟቹ ባሏ በንቲ መሬቱን ሲሸጥ በሽማግሌ ፊት የለመነው ያችን ቦታ እንዳይነኩበት ብቻ ነበር። ከበበው ቃል ገባ፤ ብርነሽም አጠገቡ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። አማከለች እስከ ዛሬ ወተት ስታመጣላቸው በጓሮ በር ነው የምትገባው፤ እዚያ ስትደርስ ቆም ትልና ነጠላዋን አስተካክላ ታልፋለች።

ብርነሽ «ረስቼው ነው» ብትል ደስ ባላት። ሁለቱን ስታነሣ በእርግጥም ልብ አላለችም፤ ሐሳቧ ድግሱ ላይ ነበር። ሦስተኛው ግን አልነቀል አላት። ዶማ አምጥታ ሥሩን ስትፈነቅል እጇ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ አወቀች። የሁለቱ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም፤ መመለስ ትችል ነበር። ግን የከበበው አለቃ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እሷም በገዛ ልጇ ክርስትና ቀን «የሕፃን መቃብር ነው» ብላ ስትመልስ ታያት። ፈነቀለችው። ጉድጓዱን ሞላች፣ ጠቀጠቀች፣ ውሃ አጠጣች። ማምሻውን ልጇን ስታጠባ የሕፃኗን ዓይን ማየት አፈረች።

ዛሬ በማለዳ ልትመልሳቸው ስትወጣ ጓሮው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ጠበቃት። ድንጋይ የተነሣበት ሁሉ እኩል ተደፍኗል። እዚህ በጣቷ ጫረች፣ እዚያ ጫረች፤ ሁሉም ያው እርጥብ አፈር ነው።

የምትኩ መኪና ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰውየው ገብቶ ግቢውን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ስንት ቤት ገብቻለሁ፣ እንዲህ አሳምሮ የጠበቀኝ ግን የለም እያለ አመሰገናት። ምስጋናው አንገቷን አስደፋት። ዶማውን ይዞ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ተከተለችው። ትንሽ እንዲቆይላት ልትለምነው ፈለገች፤ ምክንያቱ ግን ከአፏ አልወጣ አለ።

አማከለች የወተት ቅሏን ይዛ በጓሮ በር ብቅ ያለችው ይህን ጊዜ ነው። ከበሩ እልፍ ሳትል ቆመች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ መልሳ ወደ ግራ አየች።

«ብርነሽ፣ ልጄን የት አደረግሻት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ አማከለች። ድንጋዮቹን እያወቅሁ ነው ያነሣሁት።» ወደ አጥሩ ሥር ክምር ጠቆመች። «አሁን ቦታው ጠፋኝ። ብቻ ያሳዩኝ፣ በእጄ እመልሳቸዋለሁ።»

አማከለች አልጮኸችም፤ አልረገመቻትምም። ብትረግማት ለብርነሽ ይሻላት ነበር።

«ጎጆው ከፈረሰ ወዲህ ምን ምልክት አለኝ?» አለች ቀስ ብላ። «እኔም በድንጋዮቹ ነበር የማውቃት።»

ምትኩ ነገሩ ግራ ገብቶት ከየት በኩል ልጀምር ሲል ጠየቀ። ብርነሽ እንዳይቆፍር፣ የትም ቦታ እንዳይቆፍር ነገረችው። ከበበው ማታ ምን እንደሚላት፣ እሑድ እንግዶቹ የት እንደሚቀመጡ ማሰብ አልቻለችም። ምትኩም ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

አማከለች ቅሏን በሩ ሥር አስቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። አንድ እግሯን አነሣች፤ ከፊቷ የተዘረጋውን የለሰለሰ መሬት አየች፤ እግሯን መልሳ እዚያው ከነበረበት አሳረፈችው። ብርነሽ ሄዳ ልትደግፋት ከወዲህ እጇን ዘረጋች። ልጅቷን እንዳትረግጥ ግን መራመድ እሷም ፈራች።