የእንግዳ ማሽን

እህቴ «ካሪቢያን ልሄድ ነው» ያለችኝ የክራባትን ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለ ነው። ክራባት የምንለው ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ ማዶ፣ የጉዞ ቢሮ ያለውን ልጅ ነው። ሰው በሙቀት ሲቀልጥ እንኳ ክራባቱን አይፈታም። እግሩ አጭር ስለሆነ የገዛው ሱሪ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል።

«የት ነው እሱ?» አልኳት እጄን ከሥራው ሳላነሳ።

«ባሕር ላይ ነው። ደሴቶች ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ የተሰለፉ።»

«ማሽኑን በሻንጣ ልትይዢው ነው?»

ሚጡ ነው የምንላት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ እናታችን ሚጡ እንዳለቻት ሞተች፣ እኛም በዚያው ቀጠልን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ መርፌ ያዝኩ፣ እሷ ግን ተምራ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነች። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ማሽኑ አራት ሰዓት ሙሉ ደሟን እያወጣ፣ እያጠበ ይመልስላታል። እጥበት ነው የምንለው። የራሴን ኩላሊት ልሰጣት ተመርምሬ፣ ስኳር አለብሽ ተብዬ ተመልሻለሁ። እሱን አሁን አላነሳም።

«እዚያም ማሽን አለ» አለችኝ። «ክራባት አጣርቶልኛል።»

ክራባት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው ስልኩን ማየት ጀመረ።

«አንተ ነህ በላ ልቧን ያሸፈትከው?»

«እትዬ፣ እሷ ጠየቀችኝ፣ እኔ መለስኩ። ሥራዬ ነው።»

«ሱሪህን ራስህ አሳጥረው።»

ሚጡ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሥራ አምስት ዓመት እነዚያን ደሴቶች ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተማርኩ» አለችኝ። «ዓይኔን ጨፍኜ እስላቸዋለሁ። ዶክተሩ ልብሽ እየደከመ ነው ብሎኛል፣ እታለም። ከሄድኩ ዘንድሮ ነው የምሄደው። ከዘንድሮ ወዲያ አይፈቅድልኝም።»

ሱሪውን አስቀመጥኩት። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ለምን ብቻሽን እለቅሻለሁ፣ እዚያ ማን ይጮኽብሻል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴቶቹ ትልቁ ላይ አንዲት ክሊኒክ አለች። ከማሽኖቿ አንዱን ለአገሩ ሰው አትሰጥም፣ ለመንገደኛ ታስቀምጠዋለች። የእንግዳ ማሽን ይሉታል። ታዲያ ማሽኑ አንድ ነው፣ እንግዳው ግን ከየአገሩ ይመጣል፤ ሰው ዓመት ቀደም ብሎ ይይዘዋል። አንድ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ለአሥር ቀን ክፍት ሆኖ ክራባት ድንገት አገኘው። ወረቀቱ ተሟልቶ እስኪገባ ብቻ በሚጡ ስም ያዙልን።

ከዚያ በኋላ የኔ መቁረጫ ጠረጴዛ የሚጡ ሰሌዳ ሆነ። ጨርቁን ጠቅልዬ ወደ ጥግ አደረግሁ፣ እሷ በስፌት ጠመኔዬ ደሴቶቹን ሳለች። ሽንብራ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ናቸው። አንድ ቀን ማሽን፣ አንድ ቀን ባሕር። ማክሰኞ በጀልባ ወደ ትንሿ፣ ረቡዕ ከሰዓት በፊት ወደ ማሽኑ። ሐሙስ ነጭ አሸዋ ወዳለው፣ ዓርብ ወደ ማሽኑ።

«ጀልባው ቢበላሽስ?» እላታለሁ።

«ሌላ ጀልባ አለ።»

«እሱም ቢበላሽስ?»

«እዋኛለሁ።»

«በዚህ ክንድሽ!»

«አንቺ ትገፊኛለሽ፣ እታለም። ሰው መግፋት መቼ ያቅትሻል።»

ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጠረጴዛውን ያያሉ፤ አንዷ ሙሽራ ቀሚሷ አለመድረሱን ረስታ ስለ ዓሣ ስትጠይቅ ግማሽ ሰዓት ቆመች። ሚጡም አስተማሪነቷ ተመልሶባት በሜትር ዘንጌ እየጠቆመች ታስረዳለች። እንደዚያ ስትናገር ካየኋት ቆይቻለሁ።

የዋና ልብስም አዘዘችኝ። የግራ ክንዷ ላይ መርፌ የሚገባበት ደም ሥር እንደ ገመድ አብጦ ወጥቷል፤ ሰው እንዲያይባት አትወድም። ስለዚህ አንድ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ሌላው አጭር የሆነ። እሑድ ማታ ቤት ውስጥ አቁሜ ለካኋት። ወገቧ ካለፈው ልኬቷ ሁለት ጣት ጨምሯል። ዳሌዋም እንዲሁ። ልቤ ሙቅ አለ። በዚያ ሰሞን ደህና ትበላ ነበር፣ የደሴቱ ነገር የምግብ ፍላጎቷን ከፈተላት ብዬ ነበርና፣ ሥጋ ልትለብስ ነው አልኩ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ ወፈርሽ የተባለች ሴት ነገ አትበላም።

በማግስቱ ሰኞ ሚጡ ማሽን ላይ ሳለች ክራባት በሩጫ መጣ። «እትዬ፣ ፎርሙ ዛሬ ከአሥር ሰዓት በፊት ካልተላከ ይሰርዙታል።» የዶክተሩ ደብዳቤ ቀድሞ ተጽፏል፣ የደም ምርመራውም አለ። የቀረው በቤተሰብ የሚሞላው ነው። ኮምፒውተሩ ፊት አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱ የውጭውን ቋንቋ እያነበበ ይነግረኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። ስም። ዕድሜ። ማን ነው አብሯት የሚመጣው። የሚያሳክካት መድኃኒት አለ ወይ።

«ክብደት» አለኝ። «ሆስፒታሉ የሰጠን ወረቀት ላይ ሃምሳ ሁለት ይላል።»

«ሃምሳ አራት በል።»

«እትዬ፣ ሃምሳ ሁለት ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ የቆየ ነው። ትናንት ማታ በእጄ ነው የለካኋት። ያቺን ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማለብሳት እኔ ነኝ ወይስ ወረቀቱ?»

«እሱማ እርስዎ ነዎት። ግን . . .»

«ሃምሳ አራት።»

ሃምሳ አራት ብሎ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ሃምሳ ሦስት ነበር የመሰለኝ። አንዱን የጨመርኩት ከልማድ ነው። እኔ ልብስ ስቆርጥ ልክ አድርጌ ቆርጬ አላውቅም፤ ሰው ይወፍራል፣ ጨርቅ ይሸበሸባል፣ በየጎኑ ትርፍ እተዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትርፍ በመተዌ የተጎዳ ሰው አላየሁም።

ረቡዕ ጠዋት ክራባት ሱቄ ገባ። ክራባቱ ላልቶ ነበር፣ ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«መልስ መጥቷል። የዶክተሩ ደብዳቤ ሃምሳ ሁለት ይላል፣ እኛ የላክነው ሃምሳ አራት። በሁለት ክብደት ሰው አናጥብም ነው የሚሉት። የሚጡ ዶክተር ትክክለኛውን ጽፎ፣ ፈርሞ እስከ ዓርብ ማታ ይላክ፣ አለበለዚያ ለሌላ እንሰጣለን።»

«ሁለት ኪሎ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ሚጡ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ተኝታለች፤ ነርሷን በምልክት ወደ ኮሪደሩ ጠራኋት። ሦስት ዓመት የምታውቀን ልጅ ናት፣ ሲስተር እንላታለን። ነገሩን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ መቼ ነው የለኳት?»

«እሑድ ማታ።»

«እሑድ ማታኮ ከዓርብ በኋላ ሳትታጠብ ሁለተኛ ቀኗ ነው። የለኩት ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ሃምሳ ሁለት የምንለው ውሃው ወጥቶ ሲያልቅ የሚቀረውን ነው። ማሽኑ እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ መቅዳት ያቆማል። ሃምሳ አራት ብለው ቢያጥቧት ሁለት ሊትር ሰውነቷ ውስጥ ትተውባት ነበር፣ በየእጥበቱ። በዚያ ልቧ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እንኳን ጠየቁ።»

ውሃ እንደሚጠራቀምባት አላውቅም ነበር ብል ዋሽቻለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የምትጠጣውን በብርጭቆ የምሰፍርላት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። ግን ሜትሬን አመንኩ።

«በቃ ዶክተሩ ይፈርምልኝ» አልኩ።

«ትናንት ለሥልጠና ወጥቷል። የሚመጣው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው።»

በእሱ ቦታ የተቀመጠው ሌላ ዶክተር ነበር፣ መነጽር ያለው፣ ረጋ ያለ። ሐሙስ ከጠዋት እስከ ማታ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓርብም ተቀመጥኩ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ አስነሳኝ፣ ሁለት ጊዜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመለስኩ። ለምሳ ሲወጣ ተከተልኩት፣ ሲመለስ ተከተልኩት። በመጨረሻ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እናቴ፣ እኔ እህትዎን አይቻት አላውቅም። የማላውቃትን በሽተኛ ክብደት ፈርሜ ባሕር ማዶ አልልክም። በዚያ ላይ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይፈርማሉ?»

«አልፈርምም» አልኩት።

ቢቆጣኝ፣ ቢገፈትረኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው ባገኘሁ። ሰውየው ልክ ነው። የክሊኒኳ ሰዎችም ልክ ናቸው። ዘበኛውም እንኳ ልክ ነው። የዶክተራችንን ስልክ ሲስተር በስውር ሰጥታኝ ሃያ ጊዜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ሰዓቱ ሲያልፍ አየሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ቅዳሜ መልሱ መጣ። ማሽኑ ለሌላ እንግዳ ተሰጥቷል። የሚቀጥለው ክፍት ጊዜ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው።

ለሚጡ የነገርኳት ያንኑ ቀን ነው። አልጋዋ ላይ ተጋድማ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፣ ከልማድ የጨመርኳትን አንዷን ኪሎ እንኳ አልደበቅሁም። እስክጨርስ ጣሪያውን አየች።

«ሁለት ኪሎ» አለች። «ለአንድ ሳምንት እንኳ ወፍሬ ነበር ማለት ነው።»

«አትቀልጂብኝ። ጩኺብኝ፣ ስደቢኝ።»

«አቅም የለኝም፣ እታለም።»

«ነገ ትሰድቢኛለሽ?»

«ነገ እሑድ ነው፣ እሑድ ይደክመኛል። ሰኞ ከእጥበት በኋላ አስታውሺኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ልነካት እጄን ዘርግቼ መለስኩት። በየትኛው አፌ አይዞሽ እላታለሁ። ወደ ሱቅ ወርጄ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ልጠርግ ጀመርኩና እሱንም ተውኩት።

ዶክተራችን በተባለው ሐሙስ መጣ። ዓርብ ሚጡ እጥበቷን ስትጨርስ ሁለታችንም ገባን። ነገሩን ሰምቷል። አዲሱን ደብዳቤ ያኔውኑ ጽፎ ፈረመ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«አሥራ አንድ ወር ነው የሚሉት፣ ዶክተር» አለች ሚጡ። «ልመዝገብ?»

የልቧን ሥዕል ከፖስታው አውጥቶ ወደ መብራቱ አነሳው። ከዚያ መልሶ ከተተው።

«ተመዝገቢ፣ ተመዝገቢ» አለ። «መመዝገቡ ምን ይጎዳል።»

ይህን ሲል ፖስታውን እያሸገ ነበር። ቀና ብሎ አላየንም። እኔ አየሁት፤ ሚጡ ያኔ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላ ነበር፣ ወይም ጎንበስ ያለች መስሎኝ ነው።

ክራባት ጋ ደውለን ስሟን አስመዘገበ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ አመሻሽ ላይ ነፋስ ነበር፤ እጥበት ባለባት ቀን ስለሚያዞራት ክንዴን ይዛ ቀስ ብለን ሄድን። መንገድ ላይ ወሬ ጀመረች።

«አሥራ አንድ ወር እንደውም ጥሩ ነው። ያኔ ዝናቡ አያገኘንም።»

«እሺ» አልኩ።

«በአውሮፕላን ትልቁ ደሴት ላይ ወርደን፣ ከዚያ ግን በመርከብ እንሂድ። ሌሊቱን መርከቡ ጣሪያ ላይ እንደር።»

«እሺ።»

«ብርድ ነው አትይም?»

«ብርድ ልብስ እንይዛለን።»

«መጨረሻ ላይ ያለችው ደሴት ላይ ሁለት ቀን እንቆይ፣ ረቡዕን እንዝለለው። አንድ ቀን ቢዘለል አልሞትም።»

«እሺ፣ ሚጡ። እንዳልሽ።»

ቆመች። ሰዎች በግራ በቀኝ እያለፉን ሄዱ። ፊቴን ከታች ወደ ላይ አየችው፣ ተማሪ መልሱን ከየት እንደቀዳ ስታጣራ እንደምታየው።

«ለምንድን ነው የማትከራከሪኝ?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«አንቺ?»

የሹራቧን ኮሌታ ከነፋሱ አቆምኩላት። ክንዴን እንደገና ያዘችና መራመድ ጀመርን። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ደሴት አልጠራችም።