የተቀያየረው ጨው

የአቶ ጸሐዬ ምላስ ከሐኪም ትእዛዝ ጋር ተስማምታ አታውቅም። በሰው አገር፣ ጋቦዴ በሚባል ሠፈር ፍሪጅ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ደም ግፊቱ ኩላሊታቸውን አድክሞታልና ጨው እንዲቀንሱ ተነገራቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበዛሽ በማግስቱ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ቆርቆሮ ገዝተው መጡ፤ ባለሱቁ ለግፊት የሚስማማ ጨው ነው ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወጡን ያለጨው ሠርተው ለሁለት ይከፍሉና፣ የባላቸው ላይ ከቆርቆሮው፣ የራሳቸው ላይ ከተራው ጨው ብልቃጥ ይነሰንሱ ጀመር።

አቶ ጸሐዬ ሚስማር የላሱ መሰላቸው። ሦስት ቀን ቻሉ። እሑድ ጠዋት ሚስታቸው ቅዳሴ ሲሄዱ እግሬን አሞኛል ብለው ቀሩና የቆርቆሮውን ወደ ብልቃጡ፣ የብልቃጡን ወደ ቆርቆሮው ገለበጡት። አዲስ ቆርቆሮ በተገዛ ቁጥርም እግራቸውን ያማቸው ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ወይዘሮ አበዛሽ ባላቸው ጨዋ በሽተኛ በመሆናቸው ተደሰቱ፤ የገዛ አፋቸው ግን መረራቸው። ጉበቴ ይሆን እንዴ ብለው ሲጨነቁ፣ አቶ ጸሐዬ በሐዘኔታ ውኃ ጠጪበት ይሏቸዋል።

ለክትትል ሲሄዱ ወይዘሮ አበዛሽ ቆርቆሮውን ከቦርሳቸው አውጥተው በኩራት አሳዩ። ድሬዳዋ አድጋ አማርኛ አቀላጥፋ የምትናገረው ዶክተር ሒክማ ጀርባውን አንብባ ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ እኮ ፖታሺየም ነው። ጤነኛ ኩላሊት ለሰውነት የሚበቃውን አስቀርቶ ትርፉን በሽንት ያስወጣል። የደከመ ኩላሊት ግን ማስወጣት ያቅተዋል። ደም ውስጥ ሲጠራቀም የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ እስከ ማቆምም ይደርሳል።»

ወዲያው ለአቶ ጸሐዬ የልብ ምርመራ ተደረገላቸው፤ ደማቸውም ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። ግፊታቸው ጨምሯል፤ ፖታሺየማቸው ግን ልክ ነው። በዚህ ኩላሊት ይህን ሁሉ በልተው እንዴት እንደ ተረፉ አልገባትም። ወይዘሮ አበዛሽ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብለው አማተቡ።

አቶ ጸሐዬ ዝም ቢሉ ምስጋናው ለፈጣሪ በሆነና እሳቸውም ባመለጡ። ነገር ግን የቆርቆሮው ጨው የት እንደ ገባ ትዝ አላቸው።

«አበዛሽንም መርምሪያት» አሉ። «የበላችው እሷ ናት።»

ተናዘዙ። ወይዘሮ አበዛሽ ክንዳቸውን ለመርፌው ሰጡ። ያቺን አንድ ሰዓት አቶ ጸሐዬ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። የሚስታቸው ደም ምንም እንከን አልተገኘበትም፤ ኩላሊታቸው የገባውን ትርፍ በየቀኑ ሲያስወጣ ከርሟል። «ብርቱ ኩላሊት ነው» አለች ዶክተሯ።

ዶክተሯ ለአቶ ጸሐዬ ሁለቱንም ጨው ከለከለች፤ ጣዕም ካማራቸው ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ሎሚ ይበቃቸዋል አለች። ወይዘሮ አበዛሽ ታክሲ ውስጥ ባላቸውን ከኋላ ትተው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። አቶ ጸሐዬ ስድብ ቢወርድባቸው ይመርጡ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ወጡ ለሁለት መከፈሉ ቀረ፤ ጨው የሚባል አይነሰነስበትም፤ ሁለቱም ከአንድ ድስት ይበላሉ። አቶ ጸሐዬ አጣጥመው ይውጣሉ፤ ማማረር የሚያስችል አፍ የላቸውም። ወይዘሮ አበዛሽ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ ዶክተር ሒክማ የእሳቸውን ኩላሊት እንዴት እንዳደነቀች ይተርካሉ።